አንኮበር ላይ ስልጆ የበላንበት ቤት

ስልጆውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ከሱፍና ከባቄላ ተብላልቶ የሚሠራ የጾም ምግብ ነው። በትንሽ ጣባ ነው የመጣው። ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ትንንሽ አረፋ ቋጥሯል። እናቴ በእንጀራ ጫፍ ጠቀስ አድርጋ ቀመሰችው። ሰናፍጩ አፍንጫዋ ድረስ ወጣ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ትንሽ ዝም አለችና «ይሄ ተብላልቷል» አለች። እናቴ ሰው ቤት በልታ ከዚህ የበለጠ ስታመሰግን ሰምቼ አላውቅም።

ቤቱ ያለው ጎረቤላ ነው፤ የአንኮበር ወረዳ ከተማ። ከአዲስ አበባ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሄድነው ሑዳዴ እኩሌታ ላይ ነበር፤ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ። ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ጭነት ሳይኖርበት፣ እናቱን ጎኑ አስቀምጦ መንዳት ለእሱ እረፍት ነው።

ሸኖ ላይ ቆምን። እናቴ ቅቤ ልትገዛ ወረደች። ጾም ነው፤ ግን ለፋሲካ ቀድሞ መያዝ አለበት። አንዱን ለጋ ነው ብላ ተወችው፣ ሌላውን በጣቷ ጫን አድርጋ አሸተተችና ሁለት ኪሎ አስመዘነች። ከዚያ ጫጫን አልፈን ደብረ ብርሃን ገባን። ምኒልክ የተወለዱበት አንጎለላ ከጫጫ አጠገብ ነው። እናቴ በዚያ ባለፈች ቁጥር ሳትናገር አታልፍም።

ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ይገባል። ዋናው መንገድ ዳር ካለ አንድ ትልቅ ቤት ገብተን የጾም በያይነቱ አዘዝን። ስሙን አልጠራም። ጎመኑ ጠቁሮ፣ የእንጀራው ጫፍ ደርቆ፣ ክኩ ከትናንት የተረፈ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ጾም ሲሆን ብዙ ቤቶች «ምን ያድርግ፣ ጾመኛ ነው» የሚሉ ይመስላሉ። ይሄ ሁሌም ያናድደኛል። ዓመቱን ግማሽ ያህል የሚጾም ሕዝብ የጾም ምግብን በችኮላ ሊሠራ አይገባውም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ ሜዳ ነው። የድንጋይ ካብ፣ የገብስ ጭድ ክምር፣ ፀሐይ የሚሞቅ የኩበት ቁልል፣ ጠጉሩ የረዘመ በግ። ዛፉ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። ቀጥሎ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ሜዳው እዚያው ይቆረጥና ገደል ይሆናል፤ ከታች የአፋር ቆላ ይጀምራል። የበልግ ዝናብ ጊዜ ስለነበር ገደሉን ጭጋግ ሞልቶታል። ገደሉ ጫፍ ላይ የጭላዳ መንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጫል፤ መኪናም ሰውም አላስደነገጠው።

ወንድሜ መኪናውን አቆመ። ጭጋጉን ሲያይ ቆየና «ታጁራ መሰለኝ» አለ።

ታጁራ ጅቡቲ ውስጥ ነው፤ ባሕር ዳር ያለ ትንሽ ከተማ። ወደቡ ከተከፈተ በኋላ ሁለት ጊዜ ጭኖ ሄዷል። መንገዱ ከጅቡቲ ከተማ ወጥቶ ባሕረ ሰላጤውን እየዞረ ይሄዳል። በአንድ በኩል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በሌላ በኩል ሰማያዊ ውሃ። ከተማው ነጫጭ መስጊዶች አሉት፣ ጸጥ ያለ ነው። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው፣ በርበሬ ቀብተው፣ እንደ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ያበስሉታል፤ ከትልቅ ቂጣ ጋር በእጅ ይበላል። «ሰዉ አይቸኩልም፤ ባሕሩን እያየ ነው የሚበላው» አለን። እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም። ጭጋጉን ትክ ብላ እያየች «እንዲህ ነው?» አለችው። «እንዲህ ነው፣ እሱ ግን ይሞቃል» አላት።

ቤቱን ያገኘነው ጠይቀን ነው። በሩ ላይ በእጅ «ምግብ ቤት» ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላ ስም የለውም። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ አምስት ጠረጴዛ። ባለቤቷ በእናቴ ዕድሜ የሚሆኑ እትዬ ናቸው። «ኑ ግቡ፣ ብርድ ነው» ብለው ከመቀመጣችን በፊት ማንደጃ ሙሉ ፍም አምጥተው እግራችን ሥር አኖሩ። ቀጥሎ የጦስኝ ሻይ መጣ። ጦስኙ ከዚያው ከተራራው የተለቀመ ነው፤ ሽታው ከብርጭቆው ቀድሞ ይደርሳል።

ምግቡ 40 ደቂቃ ፈጀ። ወንድሜ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። እትዬ ሰሙትና «ልጄ፣ የገብስ እንጀራ ነው። ጋግሬ ባስቀምጠው ሲቀዘቅዝ ይሰባበርብሃል፤ ከምጣዱ እንደወጣ ነው ደጉ» አሉት። እውነታቸውን ነው። እንጀራው ወፈር ያለ ነው፣ ከጤፍ ትንሽ ይሻክራል፣ እንፋሎቱ ሳይወጣ ሲቀርብ ግን የተቆላ ገብስ ይሸታል። ያ የዘገየ ሰዓት አላስቆጨኝም።

ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ። የአተርና የባቄላ ነው፤ ጥቁር አዝሙዱና ኮረሪማው ይለያል። ጎመኑ ነጭ ሽንኩርት በዝቶበት፣ አረንጓዴነቱ እንዳለ ነው። ምስሩ ጨው በዝቶበታል፤ ለእትዬ ነገርኳቸው፣ ሳይከፋቸው አንስተው በሌላ ተኩ። ግን ልብ የሚነካው ስልጆው ነው።

ስልጆ አዲስ አበባ ምግብ ቤት ውስጥ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛው ቤት አይሠራውም። የሚሠራውም የባቄላ ገንፎ ላይ ሰናፍጭ ጨምሮ በዚያው ቀን ያቀርባል። እሱ ስልጆ አይደለም። እትዬ እንደነገሩን ሱፉ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠለላል። በዚያ ነጭ ውሃ ላይ የባቄላ ዱቄት እየተማሰለ ይበስላል። ሲበርድ ሰናፍጩ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ጤና አዳሙ ይገባል። ከዚያ ተከድኖ ይጠበቃል። ሞቃት አገር ቶሎ ይደርሳል። አንኮበር ብርድ ስለሆነ እትዬ ገንቦውን ምድጃው አጠገብ አስቀምጠው ሳምንት ይጠብቁታል። በየቀኑ ይከፍቱና ያሸቱታል። ኮምጠጥ የሚለው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚያቃጥለው፣ መጨረሻ ላይ የሱፉ ቅባት አፍ ውስጥ የሚቀረው በዚህ ትዕግሥት ነው። ሰናፍጩን ራሳቸው ይፈጩታል። እናቴ ገና ስትቀምሰው አውቃዋለች።

መጀመሪያ እናቴና እትዬ «እርስዎ» ይባባሉ ነበር። ቡናው ሲደርስ «አንቺ» ላይ ደርሰዋል።

ከምሳ በኋላ እኔና ወንድሜ ቤተ መንግሥቱ ወደነበረበት ኮረብታ ወጣን። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የነገሡበት ነው፤ ምኒልክም እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት እዚህ ተቀምጠዋል። ከጥንቱ የቀረው ጥቂት ግንብ ነው፤ ዛሬ ጫፉ ላይ ሎጅ አለ። ጭጋጉ ገለጥ ብሎ ነበር። ከታች ያለውን አልዩ አምባን ለወንድሜ አሳየሁት። የሲራራ ነጋዴ ገበያ ነበር። ጅቡቲ ውስጥ ካለው ከአሳል ሐይቅ፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች ካለ ቦታ የተጫነ ጨው በረሃውን አቋርጦ ወደ ሸዋ ይመጣ ነበር፤ አንኮበር ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። የባሕሩ በር ታጁራ ነበር። እንግሊዛዊው መልእክተኛ ዊልያም ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ከታጁራ ተነስቶ ነው።

ወንድሜ ይሄን አያውቅም ነበር። ጠዋት ስለ ታጁራ ያወራው ጭጋጉ አስታውሶት ብቻ ነው። ቆላውን እያየ ቆሞ «በግመል?» አለኝ። «በግመል።» «እኔ በኤፍ ኤስ አር ጭነት መኪና እንኳን ወገቤ ይቆረጣል» አለና ዝም አለ። ጨው ጭኖ ስንት ጊዜ አፋር ካለው ከአፍዴራ እንደወጣ እኔ አውቃለሁ። እትዬ ምስሩ ላይ ያበዙት ጨው ከየት እንደመጣም ያኔ ነው የታሰበኝ።

ለመሄድ ላሰበ ሰው፦ ለሦስታችን ሻይና ቡናው ጨምሮ 720 ብር ከፈልን። ጥሬ ብር ያዙ፤ ኔትወርክ ይመጣል ይጠፋል። መጸዳጃው ጓሮ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ውሃው በጆግ ነው። ስልጆ የሚገኘው በሑዳዴ ብቻ ነው፤ በሌላ ጊዜ በግ አለ አሉ፣ እኔ አልቀመስኩትም። ወፍራም ጃኬት አትርሱ። ጭጋግ ከሰዓት በኋላ መልሶ ስለሚወርድ ገደሉን በብርሃን እለፉት። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ደኅንነት አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ልንወጣ ስንል እናቴ ትንሽ ስልጆ እንዲሸጡላት ጠየቀች። እትዬ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው፣ ክዳኑን በላስቲክ ጠቅልለው ሰጧት። ብሩን አልቀበልም አሉ። እናቴ አልተከራከረችም። ወደ መኪናው ሄዳ የሸኖውን ቅቤ አወጣች፣ ከእትዬ ቢላ ተውሳ ለሁለት ከፈለችው። አንዱን ግማሽ ስልጆው በመጣበት ጣባ ላይ አድርጋ መለሰችላቸው።

«ለፋሲካ ዶሮሽ» አለቻቸው።