የኤርፖርቱ «ነፃ ቻርጅ» ስንት ሊትር ቤንዚን ያወጣል?

ከውጭ ዘመድ ልጠይቅ ስመጣ እህቴ መኪናዋን ትለቅልኛለች። መኪናዋ ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ናት። ቤንዚን ትጠጣለች፣ ሶኬት ላይ ተሰክታም ትሞላለች። በዚህ ቆይታዬ መሃል በአውሮፕላን ወጣ እያልኩ መመለስ ስለነበረብኝ መኪናዋን ኤርፖርት አቁሞ መሄድ ግድ ሆነ። አንዴ ለኤሌክትሪክ መኪኖች በተከለለው ቦታ ራሴ አቆምኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በር ላይ ቁልፍ ተቀብለው ራሳቸው ለሚያቆሙት፣ ማለትም ለቫሌቶቹ ሰጠሁ። ሁለቱም «ነፃ ቻርጅ» ብለው ያስተዋውቃሉ።

በተከለለው ቦታ ልጀምር። ትልቁ ጥቅሙ ቻርጁ ሳይሆን ቅርበቱ ነው። ሻንጣ እየጎተቱ ሹትል ባስ መጠበቅ የለም፤ ከመኪና ወርዶ ተርሚናሉ ውስጥ መግባት ነው። ችግሩ ያለው ታፔላው ላይ ነው። «ለኤሌክትሪክ መኪኖች ብቻ» ይላል። የእህቴ መኪና ኤሌክትሪክ ናት ወይስ አይደለችም? በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «ሶኬት ካላት ግቢ በላት» አለኝ። ድረ ገጹ ላይ ያለው የአጠቃቀም ደንብ ግን ስለ ሃይብሪድ አንድም ቃል አይተነፍስም። እንዲህ ያለ ክፍተት ካለ የጥበቃውን ቃል ይዞ መሄድ ጥሩ አይደለም፤ እሱ ፈረቃው ሲያልቅ ይሄዳል፣ ቅጣት ጻፊው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ በኢሜይል ጠየቅኩና «ይፈቀዳል» የሚል መልስ አግኝቼ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት። እናንተም ስትጠይቁ «ፕለግ ኢን» የሚለውን አትርሱ። «ሃይብሪድ» ብቻ ካላችሁ ሶኬት የሌለውን ተራ ሃይብሪድ መስሏቸው «አይቻልም» ሊሏችሁ ይችላሉ።

ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚነዱ ሰዎች በእኛ ይናደዳሉ። «እናንተ ቤንዚን አላችሁ፣ ለምን ቦታችንን ትይዛላችሁ?» ይላሉ። ለአጭር ጊዜ በሚቆምበት ፈጣን ቻርጀር ላይ እውነታቸውን ነው፣ አልከራከርም። ቀናት በሚታደርበት ፓርኪንግ፣ በዝግተኛ ሶኬት ላይ ግን ቅሬታው አይዋጥልኝም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የብዙዎቹ ፕለግ ኢን ሃይብሪዶች ባትሪ ከ10 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። የእህቴ መኪና 12 አካባቢ ትይዛለች እንበል። ባዶዋን ብትሰካና ብትሞላ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በኤሌክትሪክ ትሄዳለች። ይህንኑ መንገድ በቤንዚን ብትሄደው የምትጠጣው ሦስት ሊትር ተኩል ቢሆን ነው። እንግዲህ «ነፃ ቻርጅ» የተባለው ስጦታ ይኼው ነው። መኪናዋ ሳምንት ብትቆምም ስጦታው አይጨምርም፤ ባትሪው አንዴ ከሞላ ሞላ። ስለዚህ ለኤሌክትሪክ የተከለለው ቦታ በቀን ከተራው ፓርኪንግ የሚወደድ ከሆነ ልዩነቱን በቆይታችሁ ቀን አባዙትና ከሦስት ሊትር ተኩል ቤንዚን ዋጋ ጋር አስተያዩት። ለአጭር ጉዞ ያዋጣ ይሆናል። ረዘም ካለ ግን ነፃውን ቻርጅ ራሳችሁ እየከፈላችሁበት ነው።

ቦታው ላይ የቆሙት ቻርጀሮች «22 ኪሎዋት» የሚል በትልቁ ተጽፎባቸዋል። ለእኛ ትርጉም የለውም። ፍጥነቱን የሚወስነው መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር ነው። የአብዛኞቹ ፕለግ ኢን ሃይብሪዶች ደግሞ 3.6 ኪሎዋት አካባቢ ነው፤ አንዳንዶቹ 7.4 ይደርሳሉ። ከ22ቱ ላይ 3.6ቱን ብቻ ይወስድና አራት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይጨርሳል። ባለ 230 ቮልት፣ 10 አምፔር ተራ የግድግዳ ሶኬት ቢኖር እንኳ በአምስትና በስድስት ሰዓት ይሞላ ነበር። ታዲያ ለቀናት ለሚቆም መኪና ውድ ቻርጀር መትከል ለምን አስፈለገ? ለአንዱ ቻርጀር ባወጡት ገንዘብ ብዙ ተራ ሶኬት ቢዘረጉ ሁላችንም ቦታ እናገኝ ነበር። እንግዳ ለመቀበል የሚመጣው ሰው የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ያሉት ፈጣን ቻርጀሮችማ ጭራሽ ለእኛ አይሆኑም። እንደ ሚትሱቢሺ አውትላንደር ያሉ አንዳንዶች ካልሆኑ በቀር ብዙው ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ፈጣኑን የዲሲ ቻርጅ፣ ማለትም መኪናው ውስጥ ያለውን ቻርጀር አልፎ በቀጥታ ባትሪውን የሚሞላውን፣ አይቀበልም።

ከውጭ ለመጣ ሰው የሚያናድደው አፑ ነው። ቻርጀሩን ለማስነሳት አፕ አውርድ ይላል። አፑ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ የሚቀበለው ግን የአገር ውስጥ ቁጥር ብቻ ነው። የውጭ ባንክ ካርዴንም አልወድ አለ። የምኖርበት አገር ያለው የቻርጅ ካርዴ ደግሞ እዚህ ጌጥ ነው። ለነፃ ነገር ካርድ ለምን እንደሚያስፈልግ እስካሁን አልገባኝም። በመጨረሻ እህቴ በራሷ ስልክ ከቤት ሆና አስነሳችልኝ። እህት የሌለው ምን ሊሆን ነው?

ሌላው ጣጣ ከሞላ በኋላ ነው። አንዳንድ ቦታ ባትሪው ሞልቶ መኪናው እንደተሰካ ከቆየ በደቂቃ ወይም በሰዓት የሚታሰብ ክፍያ አለ። እኔ ያቆምኩበት ይህ አልነበረውም። ይኑረው አይኑረው ግን ደንቡ ታች ላይ፣ በደቃቁ ተጽፎ ስለሚገኝ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ክፍያው ባይኖርም ጎረቤት አለ። ብዙ መኪኖች ካልተከፈቱ በቀር ኬብሉን አይለቁም፤ ባለቤቱ አየር ላይ ሆኖ ቻርጀሩ በከንቱ ተይዞ ይውላል። ሲሞላ ኬብሉን እንዲለቅ የሚያደርግ ማስተካከያ ያላቸው መኪኖች አሉ። መኪናችሁ ካለው አብሩት፤ አጠገባችሁ የቆመው ሰው ነቅሎ ይጠቀማል። ኬብሉ የእናንተ ከሆነ ግን ሲነቀል ሊጠፋም እንደሚችል አስቡበት።

ቫሌቶቹ ይህን ሁሉ ፈትተውታል፣ አደነቅኳቸው። የመመለሻ በረራዬን መዘገቡ። መኪናዋን ተራ ቦታ አቁመው ልመለስ ስል ወደ ቻርጀሩ ወስደው ሞሏት። በዚህ አሠራር አንድ ቻርጀር ብዙ መኪና ያስተናግዳል። ባትሪውም በፀሐይ ሙሉ ሆኖ ለቀናት አይቆይም፤ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ በሙቀት ሙሉ ሆኖ መክረም አይወድም። ስመለስ መቶ በመቶ ነበረች፣ ኪሎ ሜትሯም ከጥቂት በላይ አልጨመረም። ሳስረክብ ዳሽቦርዱን ፎቶ አንስቼው ስለነበር ነው እርግጠኛ የሆንኩት። ኬብሉን ግን ሳይጠቀልሉ፣ ከነአቧራው ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ወርውረውታል። ዋጋቸውም ይቆነጥጣል።

ራሳችሁ ለምታቆሙ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ትልቁ ባትሪ ሞልቶ እያለ መኪናው አልነሳ ሊል ይችላል። ሲስተሙን የሚቀሰቅሰው እንደማንኛውም መኪና ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ትልቁ ባትሪ ሁልጊዜ ትንሹን እየመገበ ይቆያል ማለት አይቻልም። ከሩቅ ሆናችሁ በአፕ «ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» እያላችሁ በከፈታችሁ ቁጥርም መኪናው ይነቃና ከዚያችው ትንሽ ባትሪ ይበላል። ረጅም ጉዞ ከሆነ አፑን ተዉት፣ አንድ የ12 ቮልት ማስነሻም ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ሳይሆን በእጅ በሚደረስበት ቦታ አስቀምጡ። ባትሪው ከሞተ የኤሌክትሪክ ቁልፍ ያለው የኋላ በር አይከፈትምና።