የሩብ ኢንች እግር፦ ከወራት የኩዊልት ሥራ በኋላ

ልብስ ስፌት የለመደ እጅ ወደ ኩዊልት፣ ማለትም ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ ወደ መስፋት፣ ሲዞር መጀመሪያ የሚያስቸግረው የስፌት ትርፍ፣ ከስፌቱ እስከ ጨርቁ ጠርዝ የሚተወው፣ ነው። ቀሚስ ስንሰፋ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል እንተዋለን፤ ትንሽ ቢሰፋ ቢጠብ ሲለካ ይስተካከላል። የአሜሪካ ኩዊልት ግን ሒሳቡ በሙሉ በሩብ ኢንች፣ ማለትም በ6.35 ሚሊሜትር ትርፍ ላይ የቆመ ነው። ከእያንዳንዱ ቁራጭ 0.8 ሚሊሜትር ብቻ አስበልጣችሁ ብትይዙ በአንድ ስፌት 1.6 ሚሊሜትር ይጠፋል። ዘጠኝ ቁራጭ የተደረደረበት ረድፍ ስምንት ስፌት ስላለው ግማሽ ኢንች ያጥራል። ከሥሩ የሚመጣው ረድፍ አራት ስፌት ብቻ ካለው ደግሞ ሁለቱ ጫፍ ለጫፍ አይገናኙም፤ ስባችሁ ብታገናኟቸውም ጨርቁ ይቆለመማል።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ የምሠራው በቀኝ ጎኗ ቀጭን የብረት ክንፍ ባላት የሩብ ኢንች እግር ነው። እግር የምለው መርፌው ሥር ጨርቁን ተጭና የምትይዘውን፣ የምትፈታ የምትታሰር ብረት ነው። የስፌት መኪናዬ ኤሌክትሮኒክ ናት፣ የቤት። እግሯ የመኪናው አምራች ያወጣት ሳትሆን ለብዙ መኪና ትሆናለች ተብላ የምትሸጥ ርካሽ ዓይነት ናት። የጨርቁን ጠርዝ ክንፉ ላይ አስደግፎ መስፋት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። ከዚያ በፊት የምጠቀመው መኪናው ላይ ደራርቤ የለጠፍኩትን ፕላስተር ነበር። ነፃ ነው፣ ይሠራልም፤ ግን ቦቢን ለመቀየር ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር መላጥ አለበት። ጠርዙን ለማስደገፍ መኪናው ላይ የሚቀመጠው ማግኔትም ያው ነው፣ በዚያ ላይ ፕላስቲክ ላይ አይዝም።

የምወድላት ነገር ፍጥነቷ ነው። ጥንድ ጥንዱን ክሩን ሳልቆርጥ አንዱን ከአንዱ አስከትዬ ስሰፋ ዓይኔን መርፌው ላይ መትከል አያስፈልገኝም፤ ክንፉን ብቻ አያለሁ። ከመርፌው ፊትና ኋላ ሩብ ኢንች የሚያሳዩ ቀይ ምልክቶችም ነበሯት፤ ጥግ ላይ ደርሶ ለማዞር በጣም ይጠቅማሉ። «ነበሯት» ያልኩት የፊተኛው ቀለሙ ስለለቀቀ ነው። አሁን በጥፍር ቀለም አድሼዋለሁ።

ግን አንድ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ይግባችሁ። ክንፉ የሚጠብቀው ከጠርዝ እስከ መርፌ ያለውን ርቀት ነው፤ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ተገልብጦ የሚወጣውን ልክ አይጠብቅም። ጨርቁ ስፌቱ ላይ ሲታጠፍ እጥፋቱ ራሱ ትንሽ ይበላል፤ ክሩ ከወፈረ ደግሞ የበለጠ ይበላል። ስለዚህ መርፌው መውረድ ያለበት ከሩብ ኢንች በአንድ ሁለት ክር ውፍረት ጠበብ ብሎ ነው። ርካሽ እግሮች ሁሉ ይህን አስበው አይሠሩም። የእኔ ልክ ሩብ ኢንች ነው የምትሰፋው፣ ያ ደግሞ ትርፍ ያበዛል።

ማወቂያው ቀላል ነው። ስፋታቸው 1 ኢንች ተኩል የሆኑ ሦስት ጥብጣብ ቆርጣችሁ ጎን ለጎን ስፏቸው፣ ተኩሱና ለኩ። ጠቅላላው 3 ኢንች ተኩል፣ የመሀለኛው ደግሞ ልክ 1 ኢንች መሆን አለበት። የእኔ መሀለኛ አጥሮ ነው የወጣው። መኪናዬ በቀጥታ ስፌት ላይ የስፋት ቁልፉ መርፌውን ግራና ቀኝ ስለሚያንቀሳቅስ አንድ ነጥብ ወደ ቀኝ ወሰድኩት፣ ተስተካከለ። ይህን ስታደርጉ መዘውሩን በእጅ አዙራችሁ መርፌው ብረቱን ሳይነካ መውረዱን እዩ፤ የአንዳንዶቹ እግሮች ቀዳዳ ጠባብ ናት። አንዳንድ መኪኖች ሲበሩ መርፌውን በራሳቸው ወደ ግራ ስለሚያስቀምጡትም መሀል መሆኑን ሳያዩ ፔዳል መርገጥ መርፌ መስበር ነው። ዚግዛግ በዚች እግር ጨርሶ አይሞከርም።

ክር ስቀይር የሦስቱን ጥብጣብ ልኬት እደግመዋለሁ። በ50 ቁጥር የጥጥ ክር ያስተካከልኩት፣ ወፍራም ፖሊስተር ሳስገባ ይዛነፋል። ካውያውም ድርሻ አለው፦ ስፌት ላይ ካውያ ይጫናል እንጂ አይገፋም። ሸሚዝ እንደምንተኩሰው ወዲያ ወዲህ ካልነው ቁራጩ ይለጠጥና ጥፋቱን እግሯ ላይ እናላክካለን። አቆራረጡ ከተንሻፈፈማ ክንፉ ያንኑ የተንሻፈፈ ጠርዝ በታማኝነት ተከትሎ ይሰፋላችኋል።

ወደ ጉድለቷ ልምጣ። የመጀመሪያው ጠባብነቷ ነው። መኪናዬ ሰፊ ዚግዛግ የሚሰፋ በመሆኑ ከሥር ሆነው ጨርቁን የሚስቡት ጥርሶች ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው፤ እግሯ የቀኙን ጥርስ በደንብ አትሸፍነውም። ስለዚህ የቁራጩ መጨረሻ ላይ፣ ሊያልቅ ጣት የማይሞላ ሲቀር፣ ጨርቁ በትንሹ ወደ ግራ ይሸሻል። ትርፉ ከላይ ትክክል ሆኖ ጫፉ ላይ ሾጠጥ ይላል። እኔ ከጀርባ በስፒል ጫፍ ይዤ እሸኘዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጥርሱ ጥጉን እንዳይውጠው ትንሽ ብጣሽ ጨርቅ አስቀድሜ እሰፋለሁ።

ሁለተኛው የተሰፋ ረድፍ ከተሰፋ ረድፍ ጋር ሲገጣጠም ነው። የታጠፈው ትርፍ ክንፉ ሥር ሲደርስ ጫፉ ይነካውና የላይኛው ጨርቅ እንደመሸብሸብ ይላል። መርፌውን ጨርቁ ውስጥ አስቁሜ፣ እግሯን አንስቼ፣ እጥፋቱን በስፒል አስተኝቼ መልሼ አወርዳታለሁ። መገጣጠሚያዎቹን አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ ከተኮሳችኋቸው ተቃቅፈው ስለሚገቡ ችግሩ በግማሽ ይቀንሳል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሥራ ነው። ሁለት ካሬ ደራርቦ፣ በሰያፍ መስመር አስምሮ፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሩብ ኢንች ለመስፋት ክንፍ ያላት እግር አትሆንም። ክንፉ ከእግሯ መርገጫ ዝቅ ስለሚል ጨርቁ ላይ ይቆምበታል። ለዚያ ክንፍ የሌላትን የሩብ ኢንች እግር መያዝ ግድ ነው። ሻጮች ሁለቱን አንድ ላይ ቢሸጡ ምን ነበረበት?

በአገር ቤት ጨርቅም ሞክሬያታለሁ። ከጥበብ ቀሚስ የተረፉ ቁራጮችን ሶፋ ላይ ለሚደረግ ትንሽ ኩዊልት ስቆራርጥ እናቴ በቪዲዮ አይታ «ድሪቶ ለመስፋት ነው እንዴ አሜሪካ የሄድሽው?» አለችኝ። ሸማ በእጅ የተሸመነና ሳሳ ያለ በመሆኑ ጠርዙ ይተረተራል፤ ሩብ ኢንች ለእሱ በጣም ትንሽ ነው፣ ሁለት ሦስት ክር ከተላቀቀ ስፌቱ ምን ይዞ ይቆማል? ከጀርባው በካውያ የሚጣበቅ ስስ ገበር አድርጌ ትርፉን ግማሽ ኢንች ሳደርገው ነው የረጋልኝ። ያኔ ደግሞ ክንፉ ሥራ ፈት ነው። ጥለቱ ያለበት ቦታም ከሜዳው ስለሚወፍር እግሯ አንድ ጎኗ ከፍ ብሎ ስትሄድ ጨርቁ ይንሸራተታል። በእጅ አስጠግቶ ወስፎ ቀስ ብሎ መስፋት ነው መድኃኒቱ።

ክንፉ እስካሁን አልተጣመመም። በጨርቅ ግፊት ወደ ውጭ የተከፈተ ክንፍ ግን በሌላ ሰው እግር ላይ አይቻለሁ፤ ጨርቁን አስጠግታችሁ አትግፉት፣ ይንካው ብቻ።

በካሬና በቀጥታ ጥብጣብ ለምትሠሩ ግዟት፤ ከ20 ዶላር በታች ናት። አንድ ሁለት ትራስ ሰፍቶ ለሚተው ሰው ፕላስተሩ ይበቃዋል። «ለሁሉም መኪና ትሆናለች» የሚለውን ማስታወቂያ ግን አትመኑ። እግር ወርዶ ሳለ ከምታስሩበት ብሎን እስከ መኪናው ወለል ያለውን ለኩ፦ ግማሽ ኢንች ገደማ ከሆነ እግር የሚታሰርበት መያዣችሁ አጭሩ ነው፣ አንድ ኢንች ገደማ ከሆነ ረጅሙ። የአንዱ ለሌላው አይሆንም።