ጾመኛ እናቴን አክብሮ ላበላልኝ ሼፍ

ልጄ 10 ዓመት ሞላት። ለልደቷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሼፉ ፊት ለፊት እሳት እያነደደ የሚያበስልበት የጃፓን ሂባቺ ቤት። ልደቷ ግን ፍልሰታ ላይ ዋለ። እማዬ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት። የፍልሰታን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ሕፃን ሳይቀር የሚጾመው ጾም ነው። እማዬ ዓሣም አትነካም።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። በሁዳዴ ሌላ ቤት ወስጃት የደረሰብንን አልረሳውም። ቅቤና እንቁላል እንዳይነካው ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። "እሺ፣ እሺ" አሉኝ። ሰሃኑ ሲመጣ ቅቤው ከሩቅ ይሸታል። ስጠይቅ "ትንሽ እኮ ነው" ተባልኩ። ትንሽ! እማዬ ምንም አላለችም። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ፣ ውሃ ብቻ እየጠጣች እስክንጨርስ ጠበቀችን። ሂሳቡን ግን ከነቲፑ ሙሉውን ተቀበሉኝ። ያን ቀን መኪና ውስጥ አልቅሻለሁ።

ይሄኛው፣ እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ያለው ቤት፣ ገና ስደውል ሌላ ነበር። ስልክ ያነሳችው ልጅ አንድ በአንድ ጠይቃ ጻፈችልኝ። እኔ ያላሰብኩትን እንኳ እሷ አሰበችልኝ፤ ሚሶ የሚባለው የጃፓን ሾርባ በዓሣ መረቅ ስለሚሠራ ለእናቴ እንደማታቀርብ ነገረችኝ።

ሼፉ ቀይ ረጅም ኮፍያ ያደረገ ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ ለእማዬ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ የጋለው ብረት ላይ ውሃ አፈሰሰ፣ እንፋሎቱ ቡፍ አለ፣ ፋቀው፣ በንጹህ ነጭ ጨርቅ ወለወለው። እንደገና ውሃ፣ እንደገና ጨርቅ። ያልተከፈተ ዘይት አምጥቶ ለእማዬ አሳያትና ከፈተው። የሚያገላብጥበትንም ቀየረ። የእሷን ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ነው)፣ እንጉዳይ፣ ዝኩኒና ሩዝ ከሁሉ አስቀድሞ ሠራላት። አብረውን የተቀመጡት ሰዎች ስቴካቸውን ጠበቁ። ሰሃኑን በሁለት እጁ ሲያቀርብላት እማዬ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ እሷም በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ከዚያማ የልጄ ተራ ሆነ። ሽንኩርቱን ቀለበት በቀለበት ደረደረና እሳት ለቀቀበት። ልጄ ጮኸች፣ እማዬ "በስመ አብ!" ብላ አማተበች። በጃፓን ሂባቺ የሚባለው የከሰል ማንደጃ እንደሆነ፣ በብረት ላይ የሚሠራው ግን ቴፓንያኪ እንደሚባል ሼፉ ነገረን። እማዬም "ማንደጃማ እኛም ቤት አለ" በዪልኝ አለችኝ። የኪያርና የአቮካዶ ሱሺም ቀረበላት። ያን ዋሳቢ የሚሉትን አረንጓዴ የሚያቃጥል ማባያ ስትቀምስ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ "ይሄማ ሰናፍጭ ነው!" አልተሳሳተችም፤ እዚህ አገር ዋሳቢ ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛው ሰናፍጭ ይገባበታል።

ጾመኛ ቤተሰብ ያላችሁ፣ እባካችሁ እዚህ ቤት ሂዱ። ቀደም ብላችሁ ደውሉ፣ ጾም መሆኑን በስልክ ንገሯቸው። አድራሻውን ለምትፈልጉ በውስጥ እልክላችኋለሁ። ቀይ ኮፍያ ያደረገውን ፈልጉት፣ ቲፑንም አትሰስቱበት፤ ይገባዋል። እማዬ እስካሁን ማታ ስትጸልይ፣ ከልጆቿ ስም ቀጥሎ "ያንንም ልጅ ባርክልኝ" ትላለች።