ቦስ ኤስዲ-1 ወይስ ክሎን ሴንቶር?

ሁለቱም ኦቨርድራይቭ የሚባሉ፣ በእግር የሚረገጡ የኤሌክትሪክ ጊታር ፔዳሎች ናቸው፤ የጊታሩን ድምፅ ሞቅ፣ ሻከር ያደርጉታል። ቦስ ኤስዲ-1 ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ርካሽ ነው፣ እንደልብ ይገኛል። ክሎን ሴንቶር ግን በ1994 ብቅ ብሎ የተሠራው 8,000 ገደማ ብቻ ነው። ሠሪው ቢል ፊኔጋን ማንም እንዳይቀዳው ሰርኪዩቱን (የውስጡን የኤሌክትሮኒክስ ሥራ) በሙጫ ደፈነው። አልሆነለትም እንጂ! ዛሬ ቅጂው መዓት ነው።

ልዩነቱ የሚሰማህ ክሮቹን ለስለስ አድርገህ ስትመታ ነው። ክሎን ንጹሑን ድምፅ ከሻካራው ጋር ስለሚቀላቅል ወፍራሙ ክር አይሳሳም። ኤስዲ-1 ወፍራሙን ድምፅ ቀነስ፣ መካከለኛውን ገፋ ያደርጋል። ብቻህን ስትጫወት ይቀጥንብሃል። ከባንድ ጋር ሲሆን ግን ይኸው ጉድለቱ ጊታሩን ከቤዝ ጊታሩና ከከበሮው ለይቶ ያወጣዋል። የኤስዲ-1ን ድራይቭ (የሻካራነቱን መጠን) ዝቅ፣ ሌቭሉን (የድምፁን ከፍታ) ከፍ አድርገህ በቲዩብ አምፕ፣ ማለትም በቫኩም ቱቦ በሚሠራ ማጉያ፣ ሞክረው። እኔ ክሎን የምገዛው ገንዘብ ተርፎኝ፣ ያውም ለብቻዬ ለመጫወት ከሆነ ነው።