ምስጋናም ጥቆማም፦ ለንቅለ ተከላ ክትትል ክፍሏ ፋርማሲስት

ኩላሊት የተተከለለት ሰው በቤታችሁ ካለ ይህን አንብቡት። ዛሬ የምናመሰግነው ቀዶ ሐኪሙን አይደለም፤ እሱ አመስጋኝ አላጣም። የምናመሰግነው በክትትል ክፍሉ ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል የምትሠራውን ክሊኒካል ፋርማሲስት ነው። ስሜ አይጻፍ ስላለች አንጽፈውም። እኛ አብረናት የምንሠራ ነርሶች ነን።

ሰውነት የተተከለለትን ኩላሊት የእኔ ነው ብሎ አይለምደውም። ሰጪው ወንድም ቢሆን፣ ክሮስማቹም (የሰጪውና የተቀባዩ ደም መስማማቱ የሚታይበት ምርመራ) ጥሩ ቢወጣ፣ ነጭ የደም ሴሎች እንግዳ መሆኑን ያውቁታል። ከሚመሳሰል መንትያ ወንድም ወይም እህት በቀር (1954 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ የተሳካው የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ በሚመሳሰሉ መንትዮች መካከል የተደረገው ለዚህ ነው) ሴሎቹን ዝም የሚያሰኛቸው ኪኒን ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት ነው፦ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን። ከሦስቱ አስቸጋሪው ታክሮሊመስ ነው። ሲያንስ ሰውነት ኩላሊቱን ይገፋል፣ ሲበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። ብዙ ማዕከላት በመጀመሪያዎቹ ወራት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ8 እስከ 12 ናኖግራም፣ ከዚያ በኋላ ከ5 እስከ 8 አካባቢ እንዲሆን ይፈልጋሉ። መሐሉ ጠባብ ነው፤ የእሷም ሥራ ያለው እዚያ መሐል ላይ ነው።

ታካሚ ገና ሳይቀመጥ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ትናንት ማታ በስንት ሰዓት ዋጡ? ዛሬ ጠዋትስ ውጠዋል?» ደሙ መቀዳት ያለበት የማታው ኪኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት ሲሞላው፣ የጠዋቱ ሳይዋጥ ነው። ውጦ የመጣ ሰው ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ዶዙን ይቀንሳል፤ እውነተኛው መጠን ግን መጀመሪያውኑ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ኩላሊት በዚህ መንገድ ይታጣል። ስለዚህ የጠዋቱን ኪኒን በኪስ ይዛችሁ ኑ፣ ደም ስጡ፣ ከዚያ ዋጡ። የደሙ ቱቦም ወይን ጠጅ ክዳን ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መሆን አለበት፤ ታክሮሊመስ በብዛት የሚቀመጠው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ስለሆነ የሚለካው ከሙሉ ደም ነው።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ የእኛው አገር ጣጣ አለበት። ሕንድ ሄዶ የተተከለለት ሰው ይዞት የሚመጣው ወረቀት «8 ሰዓት ጠዋት፣ 8 ሰዓት ማታ» ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። በእኛ አቆጣጠር ያነበበው ሰው ከቀኑ 8 ሰዓትና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይውጣል። ልዩነቱ 12 ሰዓት ስለሆነ ምንም የተበላሸ አይመስልም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም ሲሰጥ ግን ከዋጠ ገና 6 ሰዓቱ ነው፣ ውጤቱም ይዋሻል። እህታችን ይህን የምትይዘው «ለመድኃኒቱ ሌሊት ይነሳሉ?» በምትል ቀላል ጥያቄ ነው። ወረቀቱን ሰርዛ በትልቁ «ጠዋት 2፣ ማታ 2» ብላ ትጽፍላቸዋለች።

ሁለተኛው ልማዷ ፌስታል ነው። «ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ» ትላለች፤ የጎረቤትም፣ የባህልም ሳይቀር። ጠረጴዛው ላይ ትዘረግፈዋለች። ለወገብ ሕመም የተገዛ ዳይክሎፌናክ ይወጣል፤ ወይ ኢቡፕሮፌን። እነዚህ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንሱ ወዲያው ለብቻ ይቀመጣሉ፣ በምትኩ ፓራሲታሞል። ለሳል የተሰጠ ክላሪትሮማይሲን ወይም ለፈንገስ የተገዛ ፍሉኮናዞል ከተገኘ ታክሮሊመሱን ጉበት እንዳይፈጨው ስለሚያግዱት መጠኑ ሽቅብ ይወጣል። ግሬፕፍሩትም እንዲሁ ነው፤ በእኛ ገበያ ብዙም ስለሌለ አንሰጋም፣ ውጭ አገር ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ለቃር የሚዋጠው አንታሲድ ማይኮፌኖሌትን እንዳይሰርግ ስለሚያደርገው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ታራርቃቸዋለች።

የሁሉም ከባዱ የቲቢ መድኃኒት ነው። ሪፋምፒሲን ሲጀመር ታክሮሊመስ በቀናት ውስጥ ይወርዳል፤ ዶዙን ብዙ እጥፍ ማሳደግ ሊያስፈልግ ይችላል። ሪፋምፒሲን ሲቆም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ያደገው ዶዝ ካልተቀነሰ መርዝ ይሆናል። የቲቢ ክሊኒኩ ስለ ኩላሊቱ፣ እኛ ስለ ቲቢው ሳናውቅ እንዳንቀር መሐል ላይ ቆማ ስልክ የምትደውለው እሷ ናት።

መጠኑ መብዛቱን ከላቦራቶሪው ቀድማ የምትጠረጥርበት መላም አላት። «እጅዎን ይዘርጉ» ትልና ጣቶቹ ላይ አንዲት ወረቀት ታስቀምጣለች። ወረቀቷ ከተርገፈገፈች፣ ወይም ሰውዬው ሲኒ ሲይዝ ቡናው ይፈስሳል ካለ፣ ደሙ የዚያኑ ቀን ይላካል። ተቅማጥ ካለም እንዲሁ፤ ብዙዎች «ከሰውነቴ ወጥቶ አንሷል» ብለው ያስባሉ፣ በተቅማጥ ጊዜ ግን ታክሮሊመስ ብዙውን ጊዜ ይጨምራል።

ሴቶችን ሳታፍር የምትጠይቀው ስለ እርግዝና ነው። ማይኮፌኖሌት ፅንስ ያበላሻል፤ ለማርገዝ ከመሞከር ቢያንስ 6 ሳምንት በፊት በሐኪም ትእዛዝ በሌላ መቀየር አለበት። በጾም ጉዳይ አትከራከርም፣ ነፍስ አባትን ወይም ሼኹን አማክራችሁ ኑ ትላለች፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ግን አይነካም። ቁርጥና ጥሬ ወተት ያው ክልክል ነው።

ለምታማክሩን ሁሉ ጥቆማችን ይኸው ነው። የክትትል ክፍላችሁ ክሊኒካል ፋርማሲስት ካለው ከሐኪሙ በፊት እሱ ጋ ግቡ። ከሌለው ሦስት ነገር ራሳችሁ ያዙ፦ የምትውጡበትን ሰዓት የጻፋችሁበት ደብተር፣ የመድኃኒቱን ካርቶን ፎቶ፣ የመጨረሻ ሦስት የክሬያቲኒን (ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ውጤታችሁን። ኩላሊት ሲገፋ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ የሚናገረው ክሬያቲኒን ብቻ ነው። የሽንት ማነስ፣ የእግር እብጠት፣ ትኩሳት ወይም ታችኛው ሆድ ላይ ኩላሊቱ ባለበት ሕመም ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ። አንድ ዶዝ ከረሳችሁ የሚቀጥለው ካልቀረበ ዋጡት፤ ከቀረበ ዝለሉት። ሁለቱን አንድ ላይ አትዋጡ።

ከውጭ መድኃኒት የምትልኩ ዘመዶች፣ ይህ ለእናንተ ነው፦ «ታክሮሊመስ» የሚለው ስም አይበቃም። በቀን ሁለቴ የሚዋጠው ፕሮግራፍና በቀን አንዴ የሚዋጠው አድቫግራፍ አይለዋወጡም። ካምፓኒው ከተቀየረም ደሙ እንደገና መለካት አለበት። ከመግዛታችሁ በፊት የካርቶኑን ፎቶ አስልኩና ስሙንም፣ ሚሊግራሙንም አመሳክሩ።

እህታችን፣ እግዜር ይስጥልን።