የናይትሮጅን ኦክሳይድ ምንጮች ከሰማይ ሲታዩ፦ የሴንቲኔል-5ፒ ነፃ የካርታ አገልግሎት ግምገማ

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2017 የመጠቀችው የአውሮፓ ሳተላይት ሴንቲኔል-5ፒ፣ ትሮፖሚ በተባለው መሣሪያዋ አማካኝነት በከባቢ አየር ውስጥ ያለውን የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ (ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች አንዱ የሆነ ጋዝ) መጠን በየዕለቱ ትለካለች፤ መረጃውም ለማንም ሰው በነፃ ክፍት ነው። ጋዙ ከየት እንደሚመነጭ ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም፤ ነገር ግን ካርታው የሰውን ድርሻ አጉልቶ የተፈጥሮን እንደሚያደበዝዝ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ትልቁ ጥንካሬው ጥራቱ ነው። ከ2019 ጀምሮ አንዱ የምስል ነጥብ የሚሸፍነው 5.5 በ3.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ጋዙም በቀን ብርሃን ከጥቂት ሰዓታት በላይ ስለማይቆይ ከምንጩ ብዙ ሳይርቅ ይታያል። የኃይል ማመንጫዎችና ትልልቅ ከተሞች ለየብቻቸው ይለያሉ። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን በብዙ ወራት አማካይ ላይ የመርከቦች መተላለፊያ፣ ምንም ፋብሪካ በሌለበት ባሕር ላይ፣ እንደ ተሰመረ መስመር መውጣቱ ነው።

መብረቅ በዚህ ካርታ ላይ ተገቢውን ቦታ አያገኝም። ብልጭታው አየሩን ወደ 30,000 ዲግሪ ገደማ በማጋል ናይትሮጅንንና ኦክስጅንን ያዋህዳል፤ በዓመት ከ2 እስከ 8 ሚሊዮን ቶን ናይትሮጅን በዚህ መንገድ ወደ ኦክሳይድ እንደሚለወጥ ይገመታል። ሆኖም መብረቅ ያለ ደመና አይኖርም፤ ተጠቃሚው ደግሞ ከ0 እስከ 1 የሚሰጠው የጥራት ደረጃቸው ከ0.75 በታች የሆኑ፣ በአብዛኛው በደመና የተሸፈኑ ነጥቦችን እንዲጥል ይመከራል። በተጨማሪም ሳተላይቷ የምታልፈው በየቦታው የፀሐይ ሰዓት ከቀኑ 7፡30 ገደማ በመሆኑ የጠዋትና የማታ የመኪና ግፊያ ያመልጣታል። ልኬቱ ከመሬት እስከ ላይ ያለውን የአየር ዓምድ በሙሉ የሚመለከት ስለሆነ ሰው መንገድ ዳር የሚተነፍሰውን አየር መጠን አድርጎ መውሰድም ስሕተት ነው።

የሥራ ቀናትን አማካይ ከዕረፍት ቀናት ጋር ማነጻጸር በጣም ይረዳል፤ የተሽከርካሪው ድርሻ በዕረፍት ቀን ሲቀንስ መብረቅና አፈር ግን ቀን አይለዩም። ይህ ዘዴ የማይፈታው ጉዳይ የእርሻ መሬት ነው፤ ከረጅም ድርቅ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የአፈር ባክቴሪያዎች ነቅተው ናይትሪክ ኦክሳይድ (በአየር ውስጥ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚለወጥ ጋዝ) ይለቃሉ፤ ከዚያ ውስጥ የተፈጥሮው ምን ያህል፣ በማዳበሪያ የመጣው ምን ያህል እንደሆነ የካርታው ቀለም ብቻውን አይነግርም።