ዌዘር ዶት ጎቭ ለእንግሊዝኛ ተማሪ፦ ቃላቱን ውሰዱ፣ ዐረፍተ ነገሩን ተዉት

ዌዘር ዶት ጎቭ የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ድረ ገጽ ነው። ሥራው ትንበያ እንጂ ቋንቋ ማስተማር አይደለም። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ እየኖረ ስለ አየር በእንግሊዝኛ ለመግባባት ለሚፈልግ አበሻ ጥሩ የቃላት መዝገብ ነው። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለበትም፣ ቃላቱም እንዲያው ደስ እንዳለ የሚወረወሩ ሳይሆኑ ልክና መጠን የተቆረጠላቸው ናቸው። ሰዋስውን ከዚያ ልማር ላለ ግን ወጥመድ አለው።

የከተማችሁን ስም ወይም ዚፕ ኮዳችሁን አስገቡና ሥዕሎቹን አልፋችሁ «ዲቴይልድ ፎርካስት» (ዝርዝር ትንበያ) ወደሚለው ክፍል ውረዱ። እያንዳንዱ ዕለት ቀንና ሌሊት ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ታገኙታላችሁ። «ቱናይት» ማለት ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ የሚቆርጡት ልክ የእኛ ሰዓት በሚቆርጥበት ቦታ ነው። ስለዚህ «ሎው» ተብሎ የተጻፈው የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ አምሽቶ ለሚገባ ሳይሆን ማልዶ ለሚወጣ ሰው የተጻፈ ቁጥር ነው ማለት ይቻላል። «አፍተር ዋን ፒ ኤም» ሲል ግን ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ማለቱ ስለሆነ እዚህ ላይ የእኛን አቆጣጠር መርሳት ነው።

ስለ ዝናብ «ስላይት ቻንስ» ካለ 20 በመቶ ገደማ ነው። «ቻንስ» ከ30 እስከ 50፣ «ላይክሊ» ደግሞ 60 እና 70 በመቶ ነው። 80 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ማለዘቢያ ቃሉ ይጠፋና «ሬይን» ብቻ ይቀራል። ብዙ ሰው 30 በመቶን «የከተማው ሲሶ ይዘንብበታል» ወይም «የቀኑን ሲሶ ይዘንባል» ብሎ ይረዳዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው። እናንተ ባላችሁበት ቦታ፣ በዚያ የ12 ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ቢያንስ 0.01 ኢንች ዝናብ የመጣል ዕድሉ ነው። በአፍ ሲነገር 30ው «ኢት ማይት ሬይን»፣ 70ው «ኢትስ ፕሮባብሊ ጎይንግ ቱ ሬይን» ይሆናል። «ሬይን» ረጋ ብሎ የሚቆይ ዝናብ ነው፤ «ሻወርስ» መጣ ሄድ የሚል፤ «ድሪዝል» ካፊያ። ለዶፍ «ሄቪ ሬይን» ነው የሚባለው፣ «ስትሮንግ ሬይን» አይባልም፤ «ስትሮንግ» የነፋስ ነው፣ የጭጋግ ደግሞ «ዴንስ»። ወጨፎን በአንድ ቃል የሚተካ እንግሊዝኛ አትፈልጉ፤ ትንበያው ውስጥም አታገኙትም።

ድረ ገጹ በእርግጥ ዋጋውን የሚያወጣው በረዶ ላይ ነው። እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ መሬት ላይ የረጋውንም፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚገባውንም በረዶ እንለዋለን። አገር ቤት በክረምት ከነጎድጓድ ጋር ቆርቆሮ የሚደበድበው «ሄይል» ነው። እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደው «ስኖው» ነው። «ስሊት» ከሰማይ ሲወርድ አየር ላይ ቀልጦ እንደገና የረጋ ጥቃቅን ጠጠር ነው፤ ጃኬት ላይ ሲያርፍ ይነጥራል፣ ኮሽታውም ይሰማል። «ፍሪዚንግ ሬይን» ግን የሚወርደው ውሃ ሆኖ ነው፤ የሚረጋው የነካው ነገር ላይ ነው። የመኪና መስታወት ላይ ስታዩት ተራ ዝናብ ይመስላል፣ ስትነኩት እንደ ጠርሙስ ጠንክሯል። ዛፍ የሚገነጥለው፣ የመብራት ሽቦ የሚበጥሰው፣ አስፋልቱን መስታወት የሚያደርገው እሱ ነው። ለአለቃችሁ «ዘር ኢዝ ሄይል ኦን ዘ ሮድ» ብላችሁ ብትደውሉ ጥር ላይ ሄይል ከየት መጣ ይላችኋል፤ መንገድ ላይ የረጋው «አይስ» ነው። ውርጭ «ፍሮስት» ይባላል። ለንደን ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ፦ እንግሊዞች «ስሊት» የሚሉት ዝናብና ስኖው ተቀላቅሎ ሲወርድ ነው፤ የአሜሪካው ትርጉም እዚያ አይሠራም።

እኛ ሁሉንም «ማስጠንቀቂያ» ብለን የምንተረጉማቸው ሦስት ቃላትም አሉ። «ዎች» ሊመጣ ይችላልና ተዘጋጁ ነው። «ዎርኒንግ» መጥቷል ወይም መምጣቱ አይቀርምና ራሳችሁን ጠብቁ ነው። «አድቫይዘሪ» የሚያጉላላ ግን ከዎርኒንግ የቀለለ ነው። «ፓርትሊ ሰኒ» (በከፊል ፀሐያማ) እና «ፓርትሊ ክላውዲ» (በከፊል ደመናማ) ደግሞ አንድ ዓይነት ሰማይ ናቸው፤ የመጀመሪያው ለሌሊት አይሆንም፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ወደ ወጥመዱ እንምጣ። የትንበያው አጻጻፍ እንደ ድሮው የሽቦ ቴሌግራም ቃል የሚቆጥብ ነው፦ «ሰኒ፣ ዊዝ ኤ ሃይ ኒር 72» (ፀሐያማ፣ ከፍተኛው ሙቀት 72 ገደማ)። ባለቤት የለም፣ ግስም የለም። የእኛ ግስ «እየዘነበ ነው»፣ «በርዷል» ሲል ባለቤቱን በሆዱ ስለሚይዝ ይህ አጻጻፍ ይመቸናል፤ የተመቸን ሰዎች ታዲያ «ቱዴይ ሬይኒንግ» እያልን እንቀራለን። እንግሊዝኛው «ኢት» ካልገባበት አይቆምም፦ «ኢትስ ሬይኒንግ»። «ዝናቡ እየዘነበ ነው»ን ቃል በቃል ወስዶ «ዘ ሬይን ኢዝ ሬይኒንግ» ማለትም አይሆንም። «በረደኝ» ለማለት ግን በእንግሊዝኛው ባለቤቱ ሰውየው ነው፦ «አይ አም ኮልድ»። «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ካላችሁ ጉንፋን ይዟችኋል። አየርን «ኤር» ማለትም የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሚተነፈሰው «ኤር»፣ የሚወራለት «ዌዘር» ነው። «ዌዘር» ስለማይቆጠር «ኤ ናይስ ዌዘር» አይባልም፣ «ናይስ ዌዘር» ብቻ። ይህን አንዱንም ድረ ገጹ አያስተምራችሁም።

ሌላው ጉድለት ፋረንሃይት ነው። 30 ቀንሳችሁ ለሁለት ብትከፍሉ ለጃኬት ምርጫ የሚበቃ ሴልሺየስ ታገኛላችሁ፦ 72 ወደ 21 ይመጣል፣ ትክክለኛው 22 ነው። ወደ ብርዱ ሲወርድ ግን በግምት አትሂዱ፤ ውሃ የሚረጋው 32 ላይ ነው።

ስለዚህ ጠዋት አንድ መስመር ውሰዱና ወደ ንግግር ለውጡ። የጎደለውን ባለቤትና ግስ ጨምሩ፣ «ቻንስ» እና «ላይክሊ»ን ወደ «ማይት» እና «ፕሮባብሊ» መልሱ፣ ቁጥሩን አለስልሱት። ድረ ገጹ «ሬይን ላይክሊ፣ ሜይንሊ አፍተር ቱ ፒ ኤም። ሃይ ኒር 55» ካለ፣ አሳንሰር ውስጥ ለጎረቤት የሚባለው «ኢትስ ፕሮባብሊ ጎይንግ ቱ ሬይን ዚስ አፍተርኑን፣ ኤንድ ኢት ወንት ጌት ቬሪ ዋርም» ነው።